«ደም አይደለም፣ ማርማላታ ነው»፦ ሳቅ ፍንጭን ሲደብቅ

የ12 ዓመቷ ሜብል የወንድ ጓደኛ ይዛ ቤት መጣች። ልጁ ረጅም ነው። ባለቆብ ጃኬቱን ደፍቷል፤ ፀጉሩ አንድ ዓይኑን ሸፍኖታል። ቆሞ እንኳ ይወላገዳል። ጉንጩ ላይ ደግሞ ቀይ ነገር እየወረደ ነው። መንትያ ወንድሟ ዲፐር አየውና «አንተ፣ እየደማህ ነው እንዴ?» አለው። ልጁ ትንሽ አሰበ። «ማርማላታ ነው» አለ። ሜብል ይሄኔ ልትበር ደረሰች። ለካ እሷም ማርማላታ ትወዳለች! ከዚህ በላይ ምን መጣጣም አለ?

አብራኝ የምታየው የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። እኔ ይሄን የካርቱን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬው አላውቅም። የእሷን ሳቅ ሳይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ትንሽ ቆይቼ «ልጁ ፊቱ ላይ ምን ሆኖ ነው ግን?» አልኳት። «ማርማላታ በልቶ ነዋ» አለችኝ፣ እንዴት ይሄ ይጠየቃል በሚል ዓይነት። ቀዩ ነገር ከጥርጣሬ ዝርዝሯ ወጥቷል። ስቃበታለች፤ አለቀ። ሰው የሳቀበትን ነገር መልሶ አይመረምርም።

ተከታታዩ «ግራቪቲ ፎልስ» ይባላል። ይሄ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2012 በዲዝኒ ቻናል የታየው የመጀመሪያ ክፍሉ ነው። ሁለት ልጆች ክረምቱን ኦሪገን ውስጥ ጫካ መሃል ባለች ትንሽ ከተማ፣ የአያታቸው ወንድም ዘንድ እንዲያሳልፉ ይላካሉ። ሰውየው ስታን ይባላል። ቤቱን የውሸት «ተአምራት» ማሳያ አድርጎ ቱሪስት ይመዘብራል። ከተማዋ ውስጥ ግን እውነተኛ ጉድ አለ። ነገሩ ይሄው ነው።

ምስጢርና ቀልድ ሲታዩ የማይስማሙ ባልና ሚስት ናቸው። ምስጢር «ዓይንህን ክፈት፣ ሁሉንም ጠርጥር» ይላል። ቀልድ ደግሞ «ተዝናና፣ ምን አስጨነቀህ» ይላል። ሁለቱን አንድ ቤት ያስገባ ደራሲ አንዱን ሳሎን ሌላውን ጓዳ ማስቀመጥ ይቀለዋል። የቆየው ዘዴም ይሄ ነበር። ስኩቢ ዱን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ምስጢር የሚፈቱ ወጣቶችና የውሻቸው ካርቱን ነው፤ ጆ ሩቢ እና ኬን ስፒርስ ለሃና ባርቤራ ስቱዲዮ ፈጥረውት በ1969 በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የጀመረ። እዚያ ሥራው በግልጽ ተከፋፍሏል። ቬልማ ፍንጭ ትለቅማለች። ሻጊና ውሻው ይፈራሉ፣ ይበላሉ፣ ይሮጣሉ። መጨረሻ ላይ የመናፍስቱ ጭምብል ይገለጣል፤ ውስጡ አንድ ገንዘብ የፈለገ ሰው ነው። ቀመሩ ከ50 ዓመት በላይ ዘልቋልና በእሱ ላይ መሳቅ ለማንም አይገባም። ግን አንድ ሙከራ አድርጉ። የሻጊን ሳንድዊች ከታሪኩ አውጡት። ጥፋተኛው ይቀየራል? አይቀየርም። ቀልዱ ምስጢሩን አይነካውም፤ ጎረቤቱ ነው እንጂ ዘመዱ አይደለም።

እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ግን አንድ የምወዳት ልዩ ነገር አለች። በ1988 ገጸ ባሕርያቱን ሕፃናት አድርጎ የመጣው ተከታታይ ውስጥ ሬድ ሄሪንግ የሚባል የሰፈር ጉልቤ አለ። ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ «የማሳሳቻ ፍንጭ» ማለት ነው። ትንሹ ፍሬድ ምስጢር በተነሳ ቁጥር ጣቱን እሱ ላይ ይቀስራል። በተቀሰረ ቁጥርም ልጁ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ ይሄን ለመደ፣ ሳቀ፣ ረሳው። ከዚያ በአንዱ ክፍል ፍሬድ ለአንድ ቀን ሬድ ሄሪንግን ላይከስ ይወራረዳል። ያን ቀን ጥፋተኛው ማን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ራሱ ሬድ ሄሪንግ! ለብዙ ክፍሎች የተደጋገመው ቀልድ ለአንድ ቀን ምስጢሩን ከደነው። እዚህ ጋ ቀልዱን ብታወጡት ምስጢሩም አብሮ ይፈርሳል።

ግራቪቲ ፎልስ ይሄንን ብልሃት ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ የኑሮው ደንብ አድርጎታል።

ወደ ማርማላታው ልጅ እንመለስ። ዲፐር ስሙን ይጠይቀዋል። ልጁ ይደናገጣል። በእንግሊዝኛው ሲመልስ «ኖርማል…» ይልና ጥቂት ቆይቶ «ማን!» ብሎ ይጨርሳል። «የተለመደ ዓይነት ሰው» እንደማለት ነው። ሜብል ፈጥና «ኖርማን ማለቱ ነው» ብላ ታርመዋለች። ለእህቴ ልጅ በአማርኛ ልነግራት ስታገል ቀልዱ እጄ ላይ ሊሞት ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፦ «ስምህ ማነው?» ሲለው ልጁ «ጤነኛ… ሰው!» አለ፤ ሜብል ደግሞ «ጤናው ማለቱ ነው» አለች። ሳቀች። እኔም ትንሽ ኮራሁ።

አሁን ይህችን ቅጽበት ጠጋ ብለን እንያት። ልጁ ሰው አለመሆኑን በገዛ አፉ ተናግሯል። ጤነኛ የሆነ ሰው «ጤነኛ ሰው ነኝ» ብሎ ስሙን አይናገርም። ከዚህ የበለጠ ፍንጭ የለም። ፍንጩን የሸፈነው ግን ደራሲው አይደለም፤ ሜብል ናት። የሸፈነችውም ሞኝ ስለሆነች አይደለም። በዚህ ክረምት ፍቅር እንዲይዛት ወስናለች። ትንሽ ቀደም ብሎ ለአንድ ልጅ ወረቀት ልካ ነበር፤ «ትወደኛለህ?» ይላል። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ «አዎ»፣ «በእርግጥ»፣ «በጣም»። እምቢ የሚል ሳጥን የለም። ራሷ ናት ያጭበረበረችው፤ አትደብቅምም። እንግዲህ ለራሷ እንዲህ ዓይነት ወረቀት የምታዘጋጅ ልጅ፣ ፊቷ የቆመው ፍጡር የተወላገደ መልስ ቢሰጥ መልሱን አቃንታ ነው የምትሰማው። ቀልዱ የመጣው ከጠባይዋ ነው። ፍንጩን የደበቀውም ያው ጠባይ ነው።

ዲፐር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ጫካ ውስጥ ምልክት ሊሰቅል ሲል ዛፉ እንደ ብረት ያቃጭላል። ይከፍተዋል፤ በመጨረሻም ከመሬት ውስጥ ባለስድስት ጣት እጅ የተሳለበት ማስታወሻ ደብተር ያገኛል። ደብተሩ ስለከተማዋ ፍጡራን ይዘረዝርና ማንንም እንዳታምን ይላል። ለዲፐር ይሄ በቂ ነው። እሱም የልቡን አገኘ፤ ሁሉን ነገር ምስጢር አድርጎ ማየት። ኖርማን ይንገዳገዳል፣ ፊቱ ነጭ ነው፣ ስለዚህ ዞምቢ ነው! ቪዲዮ ይቀርጻል። ቪዲዮው ላይ የልጁ እጅ ውልቅ ብሎ ሲወድቅና ሲመልሰው ያያል። ማስረጃ!

እንግዲህ ማነው ልክ? ማንም። ሜብል ቢያንስ ቫምፓየር ይሆንልኛል ብላ ስትጸልይ ጃኬቱ ይከፈታል። ውስጡ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ፣ ጺማቸው የረዘመ፣ ቀይ ሾጣጣ ኮፍያ ያደረጉ ድንክዬዎች! ንግሥት ፈልገው ነው የመጡት። ማግባት ያለባት ደግሞ አንዱን አይደለም፤ አንድ ሺውንም ነው። የመንገዳገዱ፣ የእጁ መውለቅ፣ የስሙ መንተባተብ፣ ሁሉም ባንዴ መልስ አገኘ። አምስት ስድስት ሆነው አንድ ሰው መምሰል ሲያቅታቸው ነበር ስንስቅ የቆየነው። ደስ የሚለኝ መልሱ ራሱ ከጥያቄው በላይ አስቂኝ መሆኑ ነው። ስኩቢ ዱ ላይ መልሱ ሲመጣ ሳቁ ይበርዳል፤ ጭምብሉ ሥር ያለው የሪል እስቴት ነጋዴ አያስቅም። እዚህ ግን ጭምብሉ ሲወልቅ ነው ዋናው ቀልድ የሚጀምረው።

እኛ ጋ እንቆቅልሽ የተጫወተ ሰው ይሄን ያውቀዋል። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» መልሱ የጠፋው ልጅ አገር ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ መልሱን ቶሎ አይናገርም፤ መጀመሪያ በተሸናፊው ላይ ይቀልድበታል። ሁሉም ይስቃል። መልሱ የሚመጣው በሳቁ ላይ ነው። ሲመጣም «ውይ! ይሄማ ፊቴ ላይ ነበር!» ያስብላል። ምስጢርና ቀልድ አይስማሙም ያልኩት እንግዲህ የቴሌቪዥን ደራሲዎችን ችግር ነው። የሴት አያቶቻችን ችግር አልነበረም።

ሱስ ስለሚባለው ገጸ ባሕርይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ሱስ የቤቱ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ወፍራም፣ ደግ፣ ለማንም እምቢ የማይል። ዲፐር እህቱን ከዞምቢ ሊያድን በጎልፍ መኪና ሲነሳ ሱስ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል። «ለዞምቢው» ብሎ አካፋ ይሰጠዋል። ከዚያ የቤዝቦል ዱላም ይጨምርለታል፤ ምናልባት ፒኛታ ካጋጠመው ብሎ። ፒኛታ ሜክሲኮዎች በልደት ቀን ሰቅለው በዱላ የሚመቱት፣ ሆዱ ከረሜላ የሞላ አሻንጉሊት ነው። የሱስ ፊት ላይ ሳቅ የለም። ዞምቢም ፒኛታም ለእሱ እኩል የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ጥሩ የቀልድ ገጸ ባሕርይ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ ቀልድ እየተናገረ መሆኑን የማያውቅ። ሱስን ቀልደኛ ብታደርጉት በማግስቱ ይሰለቻል።

አሁን ደግሞ ወደ ቅጠል መንፊያው። ግቢ ውስጥ የወደቀ ቅጠል የሚጠርገውን፣ እንደ ቫኪዩምም የሚስበውን ማሽን ነው የምለው። ክፍሉ አጋማሽ ላይ ዲፐር ሜብል ጉንጭ ላይ የመሳም ምልክት የሚመስል ነገር ያያል። አይደለም ትለዋለች፤ የማሽኑ አደጋ ነው። ወዲያው አጭር ትዕይንት ይመጣል። ማሽኑ ጫፍ ላይ የልጅ ፎቶ ለጥፋ መሳም ስትለማመድ ማሽኑ ፊቷን ይይዛታል። ሰባት ስምንት ሰከንድ ቢሆን ነው። ንጹሕ ማላገጫ ይመስላል፤ ቢወጣ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስልም።

መጨረሻ ላይ ድንክዬዎቹ ተደራርበው አንድ ግዙፍ ጭራቅ ሆነው ልጆቹን ያሳድዳሉ። ቤቱ በር ላይ ይደርሱባቸዋል። ዲፐር ደብተሩን ይገልጣል፤ ሁሉን የሚያውቀው ደብተር፣ የድንክዬዎች ድክመት የሚለው ቦታ ላይ «አይታወቅም» ይላል። የዲፐር መሣሪያ ከሸፈ። ሜብል «ይሁን፣ አገባለሁ» ትላለች። አለቃቸው ቀለበት አጥልቆላት ልትስመው ሲጠጋ ማሽኑን ታበራዋለች። ሰውዬው በጢሙ ወደ ቱቦው! ከዚያ ስለዋሻት አንድ፣ ልቧን ስለሰበረው ሁለት፣ ወንድሟን ስለነካባት ሦስት እያለች ትመጠውና ወደ መጣበት ትተኩሰዋለች። የመሳም ልምምዱ ቀልድ ለዚች ሰከንድ ነበር የተቀመጠው። እስቲ አስቡት፤ መሣሪያው ቀድሞ ባይታይ ኖሮ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» እንል ነበር። በቁም ነገር ቢታይ ደግሞ «አሃ፣ በኋላ በዚህ ነው የምታሸንፈው» ብለን እንገምት ነበር። በቀልድ ስለታየ ግን አየነውም፣ አላየነውም። የሚያድናቸውም ዲፐር የናቀው የሜብል የፍቅር አባዜ ነው።

ይሄ ሁሉ በ22 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነው።

ፈጣሪው አሌክስ ሃርሽ ይባላል። መንትያ እህት አለችው፤ ዲፐር የራሱ፣ ሜብል የእሷ ጥላ ናቸው። ስታንንም በአያቱ ነው የቀረጸው፤ ስሙም ሳይቀር ከአያቱ የመጣ ነው። የስታንንና የሱስን ድምፅ ራሱ ይሠራል። ከሰው የተቀዳ ገጸ ባሕርይ ሁሉ ጥሩ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ደራሲ ዘመዱን ጽፎ አሰልችቶናል። ግን ልዩነቱ ይታያል። ልጆቹ ሲጣሉ እንኳ የሚጣሉት እንደ እህትና ወንድም ነው። መጨረሻ ላይ ሲታረቁ ደግሞ ያፍራሉ። ተቃቅፈው አንዱ የሌላውን ጀርባ «መታ፣ መታ» ያደርጋል፤ ድምፁንም በአፋቸው እያወጡ። እንዲህ ያለውን ነገር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚፈጥረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ያየ ሰው ነው የሚጽፈው።

ሌላም የምስጢር ሽፋን ነበራቸው። በየክፍሉ መጨረሻ ስሞች ሲያልፉ የተዘበራረቁ ፊደላት ይመጣሉ። በመጀመሪያው ክፍል እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ወደ ኋላ ከመለሳችሁት «ወደ ግራቪቲ ፎልስ እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ቁልፉ ደግሞ በመክፈቻው ዜማ መጨረሻ ላይ ባለው ሹክሹክታ ውስጥ ነው፤ ድምፁን ወደ ኋላ ማጫወት ያስፈልጋል። ልጆች ተሰብስበው ይሄን ሲፈቱ መክረማቸው ደስ ይላል። ለእኔ ግን ቀዝቀዝ ያለ ደስታ ነው። የሒሳብ የቤት ሥራ ነገር አለው። የስታን ውሸት ይበልጥብኛል።

ስታን ይዋሻል። የመጀመሪያው ነገሩ ይሄ ነው። ቱሪስቱን ይዋሻል፣ ፖሊሱን ይዋሻል፣ ልጆቹን ይዋሻል። በሁሉም እንስቃለን። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ልጆቹ ተቦጫጭቀውና ተጨማልቀው ሲገቡ ያያቸዋል። ምን ሆናችሁ አይልም። ዕቃ በስህተት ብዙ አዝዣለሁና ከሱቁ አንድ አንድ በነፃ ውሰዱ ይላቸዋል። ልጆቹ ይጠራጠራሉ። ሐሳቤን ሳልቀይር ፍጠኑ ይላቸዋል። ዲፐር ባለጥድ ምልክቱን ኮፍያ ያነሳል። ሜብል በገመድ የሚተኮስ መንጠቆ ትመርጣለች፤ አሻንጉሊት አይሻልሽም ወይ ብትባል በጄ አትልም። እዚህ ጋ ስስታሙ ሰውዬ ደግነቱን በውሸት ሸፈነ። ሳቅን፣ ወደድነውም።

ከዚያ ሁሉም ሲተኛ ስታን ብቻውን ይመጣል። ሱቁ ውስጥ ሳንቲም ሲከቱበት ብስኩት የሚሰጥ ማሽን አለ። ቁልፎቹን ይነካካል፤ ማሽኑ እንደ በር ይከፈታል። ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይገባል። ክፍሉ አለቀ።

(የሚከተለውን አንቀጽ ተከታታዩን ሊያይ ያሰበ ሰው ይዝለለው።)

ከዚያ በር ጀርባ ያለው ነገር ሙሉ መልሱን የሚያገኘው በ31ኛው ክፍል፣ መጋቢት 2015 ላይ ነው። ልጆቹ የስታንን የውሸት መታወቂያዎች ያገኛሉ። ስታን ፓይንስ ሞቷል የሚል የጋዜጣ ቁራጭም ያገኛሉ። ምድር ቤት አንድ ግዙፍ ማሽን እየሠራ ነው። ሜብል እጇን ማጥፊያው ላይ አድርጋለች። ዲፐር «አጥፊው፣ ይዋሻል!» እያለ ይጮኻል። ስታን «እመኑኝ» ይላል። የ30 ክፍል ቀልድ ባንዴ ዞሮ ፊታችን ላይ ቆመ። ውሸቱን ሁሉ ስንስቅበት ነው የቆየነው፤ እስካሁን አንድም ቀን አልፈረድንበትም። ሜብል ማሽኑን ሳታጠፋ ትለቀዋለች፤ አመነችው። ለምን? ያቺው «እምቢ» የሚል ሳጥን የሌለበት ወረቀት የጻፈችው ልጅ ናታ! መጀመሪያ ላይ ማስቂያ የነበረው ጠባይ እዚህ ጋ የታሪኩ ትልቁ ውሳኔ ሆነ። ከማሽኑ የሚወጣው ደግሞ የስታን መንትያ ወንድም ነው፤ ደብተሮቹን የጻፈው ባለስድስት ጣቱ ሰው።

ይሄን ጉዳይ አሁን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የድሮ የምስጢር ካርቱኖችን ለአዋቂ አድርጎ መልሶ መሥራት ፋሽን ሆኗል። በጥር 2023 በኤችቢኦ ማክስ የወጣው «ቬልማ» አንዱ ነው። ከስኩቢ ዱ ቤት ነው፤ ውሻው ብቻ የለበትም። ሁለት ሲዝን አግኝቶ በ2024 ቆመ። ገና ሲጀምር ሴቶች ልጆች መታጠቢያ ቤት ሆነው ያወራሉ። ወሬው ምንድን ነው? የተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ እርቃን ያበዛል የሚል ነው። አሪፍ ቀልድ ነው፤ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ግን ማነው የተናገረው? ቬልማ አይደለችም። የደራሲዎቹ ጠረጴዛ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ለዳፍኒ ብትሰጡት፣ ለፍሬድ ብትሰጡት ያው ነው። «ጤናው ማለቱ ነው» የሚለውን ግን ከሜብል ወስዳችሁ ለዲፐር ስጡት እስቲ። ይሞታል።

ሰዎች ቬልማን የጠሉበትን ምክንያት ብዙ ዘርዝረዋል። ስለ ዘር፣ ስለ ብልግና፣ ስለ ውሻው ብዙ ተባለ። የእኔ ቅሬታ ከዚያ ሁሉ ያነሰች ናት። እዚያ ቀልዱ ለሚያውቅ ሰው የሚደረግ ጥቅሻ ነው፤ ጥቅሻ ደግሞ ምንም አይደብቅም። ሁሉም ገጸ ባሕርይ ብልጥ ነው፣ ሁሉም ራሱን ያውቃል፣ ሁሉም ፊልም ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ይመስላል። ራሱን እንዲህ በደንብ የሚያውቅ ሰው ፊቱ የቆመውን ድንክዬ እንዴት አጣው ብዬ ልመን?

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ልትሄድ ሪሞቱን አነሳች። ስታን ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ስቃ ነበር።

«ምን ሊያደርግ ነው የገባው?» አልኳት።

«ብስኩት ሊሰርቅ ነዋ!» አለችኝ። «የራሱን ብስኩት!»

ምንም አላልኳትም። ሠላሳ ክፍል ይቀረናል።